ግማሹን የደበቅኩት ዘፈን

ሆሳዕና ውስጥ የሚደበቅ ነገር ሞልቷል። አንዱ ዕድሜውን ይደብቃል፣ አንዱ ቅቤውን፣ ሌላው የልጁን የሒሳብ ውጤት። የመጨረሻውን አሳምሬ አውቃለሁ፤ የሒሳብ መምህሩ እኔ ነኝ። እንደ እኔ ዘፈን የደበቀ ሰው ግን ከፎንቆ እስከ ዶዮገና ብትዞሩ አታገኙም። ያውም ሙሉውን ደብቄው ቢሆን ደግ ነበር። ግማሹን ነው የደበቅኩት፤ ጣጣው ሁሉ የመጣብኝም ከሌላው ግማሽ ነው።

"ዘፈን" ስል ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። ቤተሰባችን ፕሮቴስታንት ነው፤ አባቴም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ስለዚህ እቤት ውስጥ ነገሩ "የሠርግ ዜማ" ነው የሚባለው። እዚህ ግን አባቴ ስለማያነቡት ዘፈን እያልኩ እቀጥላለሁ። ምናልባት ካነበቡት፣ አባዬ፣ የሠርግ ዜማ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እታለም ልታገባ ነው በተባለ ጊዜ ነው። እታለም ታላቅ እህታችን ናት፤ ስሟ ሩት ነው፣ በስሟ የሚጠራት ግን ቀበሌ ብቻ ነው። እናታችን ስታርፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከሥሯ አራት ነበርን፤ ትንሿ ገና ጡት አልተወችም ነበር። እታለም ትምህርቷን አቋርጣ አሳደገችን፤ አስተምራን፣ አንድ በአንድ ድራን፣ በመጨረሻ ቤቱ ውስጥ ከአባታችን ጋር ብቻዋን ቀረች። ሰዉም እሷን ለሠርግ ድንኳን ስታስተክል ማየት ስለለመደ፣ አንድ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ትቀመጣለች ብሎ ማሰብ ትቶ ነበር። እኛም ትተን ነበር፣ ማፈሪያዎቹ።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ታምራት የሚባል የዶዮገና የድንች ነጋዴ ሽማግሌ ላከ። ከምባታ ነው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ረጋ ያለ ሰው። እታለም "እሺ" አለች። አራታችን ተያየን። እሺ የሚለው ቃል እሷ አፍ ላይ ለራሷ ጉዳይ ሲወጣ ሰምተን አናውቅም።

እኔ እዚያው ተነስቼ "የሠርጉን ዘፈን እኔ እሠራለሁ!" አልኩ።

"ባንተ ኪቦርድ?" አለች እታለም።

"በእኔ ኪቦርድ።"

"ራስህ ትዘፍንልኛለህ?"

"ራሴ እዘፍንልሻለሁ።"

ይቺን ቃሌን ያዙልኝ። ላጥፋት ስል ታዩኛላችሁ።

በሁለት ሳምንት ሠራሁት። ሙሽራው ከምባታ፣ እኛ ሀዲያ ስለሆንን፣ አንዱ ወገን ደስ ብሎት ሌላው አፉን ይዞ እንዳይቀመጥ በአማርኛ አደረግኩት። አሠራሩ ደግሞ የለመድነው ነው። እኛ አገር ብቻውን የሚዘፈን ነገር የለም፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። አውራጅ ያለ ተቀባይ ብቻውን የሚያወራ ሰው ነው፤ ተቀባይ ያለ አውራጅ ምን እንደሆነ ደግሞ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፣ ዋጋ ከፍዬ ተምሬዋለሁና። ዘፈኑ ላይ አውራጁ ስለ ሙሽራዋ ይጠይቃል፤ ማን ናት እንዲህ ያደረገች፣ ማን ናት እንዲያ ያደረገች ይላል። ተቀባዩ "እሷ ናት፣ እሷው ናት!" ብሎ ይመልሳል። በቃ ይኸው ነው። ራሴን ላሞግስ አልፈልግም፤ ግን ስጨርሰው ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት።

እዚህ ላይ ሸምሱ ይግባ። ሸምሱ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ጎረቤቴና አብሮ አደጌ። እሱ በረመዳን ሲጾም እኔ ፊቱ አልበላም፤ እኔ ስዘፍን እሱ ጆሮውን አይዝም። ወዳጅነት ማለት ይኸው ነው። ዘፈን መሥራቴን ስነግረው መሪውን እንደያዘ ዞሮ አየኝ።

"አስመዘገብከው?"

"ምኑን?"

"የቅጂ መብቱን ነዋ! ሳታስመዘግብ ለሰው እንዳታሰማ። የሺንሺቾውን ልጅ ጉድ አልሰማህም እንዴ?"

አልሰማሁም ነበር። አሰማኝ። ልጁ አዲስ ዘፈን ሠርቶ ለአንድ ጓደኛው ብቻ አሰማ አሉ። ወር ሳይሞላ ወደ ዱራሜ ሲሄድ ያው ዘፈን በሌላ ሰው ድምፅ ሚኒባሱ ውስጥ ተለቀቀ። ልጁ "ይሄ እኮ የእኔ ነው!" ብሎ ከወንበሩ ሲነሳ፣ ከጎኑ የነበሩ እናት ጎትተው አስቀመጡትና "ዝም በል አንተ፣ ዘፈን እንስማበት" አሉት።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰላሜን አጣሁ። የግጥሙን ደብተር ማንም በፈቃዱ የማይከፍተው ቦታ፣ ያልታረሙ የሒሳብ ፈተናዎች መሃል ደበቅኩት። ስልኬ ላይ የሚስጥር ቁጥር አደረግኩ፤ ማንም እንዳይገምተው አርዝሜው እኔም ረሳሁትና ሁለት ቀን ያለ ስልክ ዋልኩ። ማንጎራጎር ተውኩ። ፊቴን ስታጠብ የራሴ ዜማ ካመለጠኝ ቶሎ ብዬ የሌላ ሰው ዜማ እጨምርበታለሁ፤ ሌባው እንዲደናገር ማለት ነው። የማላውቀው ሰው መንገድ ላይ ጆሮውን ሲያክ ካየሁ እየቀዳኝ ይመስለኛል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ስጫወት ጣቶቼ ወደ እታለም ዘፈን ሸርተት ሲሉብኝ ደንግጬ መለስኳቸው፤ መዘምራኑም አብረውኝ ተሳስተው ጉባኤው በሁለት ዜማ "አሜን" አለ።

ለምዝገባ የተቀዳ ድምፅ ያስፈልጋል ተባልኩ። ለመቅዳት ተቀባይ ያስፈልጋል። ተቀባይ ለማግኘት ደግሞ ዘፈኑን ለሰው ማሰማት ያስፈልጋል፤ ለሰው ለማሰማት አስቀድሞ መመዝገብ። ይህን ነገር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስራ አምስት ደቂቃ አየሁት። የሒሳብ ሰው ነኝና መፍትሔ አገኘሁለት፤ ተቀባዮቹን የመቀበያዋን ብቻ አስጠናቸዋለሁ! አውራጁን አይሰሙም። ግማሽ ዘፈን ደግሞ ማን ይሰርቃል?

ይቺን ጥያቄ ስጠይቅ ምነው ምላሴን በነከስኩት ኖሮ።

ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ አንድ ፎቶ ቤት የኋላ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ ስቱዲዮ ብሎታል። ስድስት ሰው ሰበሰብኩ፤ ሸምሱን፣ ሦስት መምህራንና ሁለት የመዘምራን አባላት። መጀመሪያ ወረቀት አስፈረምኳቸው። ወረቀቱን ራሴ ነበርኩ ያረቀቅኩት፤ እንዲህ ይላል፦ "እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተገለጸው ግለሰብ፣ የዚህን ዘፈን አውራጅ ክፍል ያልሰማሁ፣ የማላውቅ፣ ስለ ማን እንደሆነና ማን እንደደረሰውም የማላውቅ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።" ለእያንዳንዳቸው ቅጂ ሰጠኋቸው። ጠንቃቃ ሰው ነኝ።

"በል ጀምር፣ እንቀበልህ" አለ ሸምሱ።

"አልጀምርም። እርሳሴን ሳነሳ 'እሷ ናት፣ እሷው ናት' በሉ። ሳወርደው ዝም።"

"ማን ናት?"

"እሱን ተወው።"

እርሳሴን አነሳሁ። "እሷ ናት፣ እሷው ናት!" አሉ። አወረድኩ። በልቤ የአውራጁን ስንኝ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ አልኩት። አነሳሁ። "እሷ ናት፣ እሷው ናት!" አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሆንን። ባለ ፎቶ ቤቱ በሩን ከፈት አድርጎ አየንና መልሶ ዘጋው። ሃያኛው ላይ ከመምህራኑ አንዱ ላቡን ጠርጎ "ኧረ ለመሆኑ በሕይወት አለች?" አለ። እርሳሴን መልሼ አነሳሁ።

አሁን እስቲ አስቡት። ስድስት ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ "እሷ ናት" ብሎ ማን እንደሆነች ሳይነገረው ወደ ቤቱ ሲሄድ ምን ይሆናል? ያሳክከዋል። መልሱ አፉ ላይ አለ፤ ጥያቄው የለም። ሰው ደግሞ ጥያቄ ሲያጣ ከራሱ ያመጣል።

የመጀመሪያው ሸምሱ ነበር። በሦስተኛው ቀን ባጃጅ ተራ ሳልፍ አሥር የሚሆኑ ነጂዎች ቆመው እሱ ያወርዳል፣ "ትናንት ጎማዬን የዋጠች ጉድጓድ?" እነሱ በአንድ አፍ፣ "እሷ ናት፣ እሷው ናት!" ዜማው የእኔ፣ ጉድጓዷ የከተማው።

"ሸምሱ! ምን እያደረግክ ነው?"

"ምን አደረግኩ? አውራጁን አልነካሁም። ከየት አውቄው?"

ልክ ነው። ፈርሟል።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ እኩልታ ስጽፍ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ፣ "ዓመቱን ሙሉ ያስለቀሰችን ትምህርት?" ሲል ስልሳ ተማሪ ተቀበለው። እሑድ መዘምራኑ ቃሉን መንፈሳዊ አድርገውት፣ በወርቅ የተነጠፈችው ከተማ ማን ናት ብለው ጠየቁ፤ ጉባኤው እያጨበጨበ መለሰ፤ አባቴ ከፊት ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው አብረው ይቀበላሉ። እኔ ኪቦርዱን የምመታው በጥርሴ ጭምር ነበር። ማክሰኞ አንድ የጫማ ሱቅ በድምፅ ማጉያ ቅናሽ ያደረገችው ሱቅ ማን እንደሆነች ሲጠይቅ፣ መንገደኛው ሳይከፈለው መለሰለት። ይህ ሁሉ ሲሆን የእኔ ስንኞች ፈተናዎቹ መሃል በሰላም ተኝተዋል። አንድም ሰው አልነካቸውም።

ቅዳሜ ወደ ፎንቆ ሄድኩ፤ በገበያ ቀን ትንሽ ልረሳው ብዬ። ገና ከመኪና ስወርድ ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች ተደርድረው፣ አንዷ ወፈር ያለች እናት "ዓይን ሳትነካ የምታስለቅስ?" ትላለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ከዚህ በላይ መቻል አልቻልኩም።

"እናቴ፣ ይቺ ዜማ የእኔ ናት።"

"የቷ?"

"'እሷ ናት' የምትለዋ። እኔ ነኝ የደረስኳት።"

ሴትዮዋ ሽንኩርቱን አስቀምጠው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ያንተ ከሆነችማ ደስ ይለናል። አውርዳትና እንቀበልህ።"

"አላወርድም።"

"ለምን?"

"አልተመዘገበችም።"

ሴቶቹ ተያዩ። "የኔ ልጅ" አሉኝ በአዘኔታ፣ "ካላወረድክ ተቀበል።"

እናም ቆሜ ተቀበልኩ። ምን ላድርግ? አንድ ኪሎ ሽንኩርትም ገዛሁ። ስመለስ መኪናው ውስጥ አንዲት ልጅ ስልኳን ከፍታ ያቺኑ ዜማ በቲክቶክ ታያለች፤ አንዲት ሴት ስለ ድመቷ ታወርዳለች፣ ጎረቤቶቿ ይቀበላሉ። ድመቷ ያገኘችውን የልብ ምልክት ብዛት አይቼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው የቅጂ መብት ወደሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ሮጥኩ። የተቀበለችኝ ባለሙያ ጨዋ ሴት ነበረች፤ ወንበር ሰጠችኝ። የግጥሙን ወረቀት በታሸገ ፖስታ፣ ድምፁን በፍላሽ አቀረብኩ። ፍላሹን ሰክታ አዳመጠች። "እሷ ናት፣ እሷው ናት!" ጸጥታ። "እሷ ናት፣ እሷው ናት!" ጸጥታ። አራት ደቂቃ ሙሉ በትዕግሥት ሰማች።

"መምህር፣ ይቺን እኮ ልጄም ትዘፍናታለች።"

"ከእኔ ነው የወጣችው።"

"ይሁን። ግን መሃሉ ለምንድነው ባዶ የሆነው?"

"ሚስጥር ስለሆነ ነው። ሳይመዘገብ እንዳይሰማ ብዬ።"

ብዕሯን አስቀመጠች። "ይስሙኝ፣ ሥራው ከፈጠሩበት ጊዜ ጀምሮ የእርስዎ ነው፤ ሕጉም የሚለው እንዲሁ ነው። ምዝገባው ማስረጃ ነው። ከማሰራጨትዎ በፊት ቢያስመዘግቡ እኔም የምመክረው ነው። ሙሉውን ቀድተው ያን ጊዜውኑ አምጥተውት ቢሆን ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ግን ማስመዝገብና መደበቅ ለየቅል ናቸው። አሁን ክርክር ቢነሳ፣ ከእርስዎ መጀመሪያ የሰማ ሰው አለ?"

"አለ! ስድስት ሰው!"

በማግስቱ ስድስቱን ነድቼ አመጣኋቸው። ባለሙያዋ ሸምሱን "ይህን ዜማ የደረሱት እሳቸው መሆናቸውን ያውቃሉ?" አለችው። ሸምሱ ወደ እኔ አየ። ከዚያ እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

"ወንድሜ ነው፣ ነፍሴን ብሰጠው አይቆጨኝም" አለ። "ግን ማን እንደደረሰው አላውቅም ብዬ ፈርሜያለሁ። በሐሰት አልመሰክርም።"

አምስቱም ወረቀታቸውን አወጡ። ባለሙያዋ አንዱን ተቀብላ አነበበችው። እስከ "የማላውቅ" ድረስ ሳቋን ይዛ ነበር፤ "በፊርማዬ አረጋግጣለሁ" ላይ ስትደርስ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች።

"ማን አረቀቀው?" አለች።

"እኔ" አልኩ።

"ጎበዝ ነዎት" አለችኝ። ቀጥላም በደግነት፣ ሙሉውን ዘፈን ቀድቼ እንዳመጣ፣ ማመልከቻው ወደ አዲስ አበባ እንደሚሄድ፣ እስከዚያው ግን ሰው ፊት እንድዘፍነው መከረችኝ። ሰው ምክር ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ያሰበውን እንዲያጸድቁለት ነው፤ እኔም ከነገረችኝ ሁሉ የወሰድኩት "ጊዜ ይፈልጋል" የሚለውን ብቻ ነው። ሠርጉ ቅዳሜ ነው። ሠርግ ላይ ደግሞ ስልክ የሌለው ሙሽራው ብቻ ነው።

ስለዚህ ያን ዕለት ከሰዓት እቤት ሄጄ፣ አሁን ስጽፈው እጄ የሚፈራውን ነገር አደረግኩ። እታለም ጓሮ ነበረች። ለሠርጉ የሚሆነውን ቆጮ ከሴቶች ጋር እያየች፣ ቅቤው በቅቤ ለሚሠራው የሠርግ ምግባችን ለአታካናው ይበቃል አይበቃም እያለች ትቆጥራለች። ጠርቼ ለብቻዋ አደረግኳት።

"እታለም፣ ሠርጉ በሁለት ሳምንት ቢገፋ ምን ይመስልሻል?"

እጇን በመቀነቷ ጠረገች። "ማን ታመመ?"

"ማንም። ዘፈኑ... ወረቀቱ አልደረሰም።"

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጭቃ ነክቶኝ ስመጣ እንደምታየኝ አየችኝ። "እኔ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄያለሁ" አለች በቀስታ። "አንተ ወረቀት ጠብቅ። ያለ ዘፈንም ባል ይገባል፤ አታስብ።" ተመልሳ ወደ ሴቶቹ ሄደች። አታስብ ያለችኝ ከልቧ ነው፤ እኔን የከነከነኝም እሱ ነው። ሐሙስንና ዓርብን ስንቆራጠጥ አሳለፍኩ፤ ሁለት ጊዜ ፈተናዎቹን ገለጥኩ፣ ሁለት ጊዜ መልሼ ዘጋሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። የሙሽራው ወገን ከዶዮገና በአራት ሚኒባስ መጣ፤ ገና ከአስፋልቱ ሲታጠፉ ምን እየዘፈኑ እንደሆነ ልንገራችሁ? አዎ። አውራጃቸው ረዘም ያለ፣ ድምፁ ደወል የሆነ የከምባታ ሰው ነው። መጀመሪያ ሙሽራዋን አሞገሰ፤ ቆንጆዋ ማን ናት፣ ጨዋዋ ማን ናት አለ። ከዚያ ደንብ ነውና መተረብ ጀመረ። ሠርግ ላይ የመጣው ወገን ይተርባል፣ የሙሽራዋ ወገን አውራጅ ይመልሳል፤ ማንም አይቀየምም።

"ገበያ ሊበተን ሲል የተገኘች?" አለ።

"እሷ ናት፣ እሷው ናት!" አሉ፤ የእኛም ሰዎች አፋቸው ስለለመደ አብረው ተቀበሉ።

"ስትድር ኖራ መዳር የረሳች?"

"እሷ ናት፣ እሷው ናት!"

ሰዉ ሳቀ። ሰውዬው በክፋት አላለውም፤ ዓይኑ ሁሉ ይስቅ ነበር። ለመልስ ትንሽ ቆም አለ። የሙሽራዋ ወገን አውራጅ እኔ ነኝ። እታለምን አየኋት። ድንኳኑ ውስጥ ነጭ ለብሳ ተቀምጣለች፤ አንገቷን ደፍታለች። ሙሽራ አንገቷን ትደፋለች፣ ደንብ ነው። የእሷ ግን የደንቡ አልነበረም፤ አሳድጋኛለችና የአንገቷን ነገር አውቃለሁ።

ያኔ ገባኝ። ሌባ ሌባ ስል፣ ስለ እሷ የተሠራ ዘፈን መሃሉን ባዶ አድርጌ አገር ላይ የለቀቅኩት እኔው ነኝ። ጉድጓድ ገባበት፣ ሽንኩርት ገባበት፣ ድመት ገባበት፣ አሁን ደግሞ ይሄ ገባ። አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ተነሳሁ፤ ደብተሩ እቤት ፈተናዎቹ መሃል ነው፣ ግን አላስፈለገኝም።

"ገና ሳይነጋ እሳት ያነደደች?" አልኩ።

"እሷ ናት፣ እሷው ናት!" አለ ድንኳኑ።

"በአንድ ሳሙና አራት ዩኒፎርም ያጠበች?"

"እሷ ናት፣ እሷው ናት!"

"የእኛን ደብተር ልትገልጥ የራሷን የዘጋች?"

እዚህ ላይ ትንሿ እህታችን አፏን ያዘች። ሸምሱ ከኋላ "ለካ እሷ ናት!" ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ከሁሉ በላይ አምባርቆ ተቀበለ። ረጅሙ የዶዮገና አውራጅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝና እሱም ከተቀባዮቹ ጋር ገባ። ወደ እሱ ዞሬ፣ ደብተሬ ላይ የሌለውን፣ እዚያው የመጣልኝን አወረድኩ፦ "ዘገየች አትበሉ፤ እኛን ያስቀደመች?"

"እሷ ናት፣ እሷው ናት!"

ስልኮቹን ያየሁት አሁን ነው። አርባ ይሆናሉ፣ ሁሉም ወደ ላይ ተነስተዋል። አንዱ የማላውቀው ሰው "መምህር፣ ፊትህ ጨለመብን፣ ወደ ብርሃኑ ዞር በል" አለኝ። ዞር አልኩለት።

የመጨረሻው ስንኝ ቀረኝ። "አራት ልጅ ሳትወልድ..." ብዬ አቋረጥኩ። ድንኳኑ ጠበቀኝ። መላልሼ ሞከርኩ፣ "አራት ልጅ ሳትወልድ ያሳደገች?" አልኩ፤ ግን ቃሉ ሳይሆን ትንፋሽ ብቻ ነው የወጣው። ሰዉ መቀበሉን ረሳ።

እታለም ቀና አለች። ሙሽራ ሠርጓ ላይ አትቀበልም፤ አይታወቅም። ቬሏን ገለጠች፣ አራታችንን በየተራ አየችን፣ ከዚያ ጠርቶ በሚሰማ ድምፅ፦

"እኔ ነኝ፣ እኔው ነኝ!"

ድንኳኑ ሊነሳ ምንም አልቀረው። አባቴ እያለቀሱ ያጨበጭባሉ፤ ዘፈን ይሁን ዜማ የጠየቀ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ፍላሼን ይዤ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ባለሙያዋ ገና ሳትሰካው "ሙሉውን አይቼዋለሁ፣ ባለቤቴ ስልክ ላይ ደርሶታል። አሁን ምስክር ሞልቶልዎታል" አለችኝ። ማመልከቻው ላይ የድርሰቱ ባለቤት በሚለው ቦታ ስሜን ጻፍኩ። ከዚያ መዝጊያዋን መልስ እኔ እንዳልደረስኳት አሰብኩና ከሥር የሩትን ስም ከነአባቷ ጨመርኩ። "እሳቸውም መፈረም አለባቸው" አለች ባለሙያዋ። ዶዮገና ደወልኩ።

"ለፊርማ ሆሳዕና ድረስ አልመጣም" አለች እታለም። "እዚህ ድንች እየነቀልን ነው።"

"እታለም፣ ያለ ፊርማሽ ወረቀቱን አይሰጡንም እኮ።"

"አንተ ወረቀቱን ጠብቅ። ዘፈኑ እኔ ጋ አለ" ብላ ስልኩን ዘጋችው።